የደመወዝ ሰነድ የሌለው ተጎጂ፦ በኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ የአካል ጉዳት ካሳ አተማመን

በአካል ጉዳት ካሳ ክርክር ለፍርድ ቤት ሁለት ጥያቄዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው ለጉዳቱ ኃላፊ የሚሆነው ማን ነው የሚል ሲሆን፣ ሁለተኛው ኃላፊው ምን ያህል ሊከፍል ይገባል የሚል ነው። በሕግ ትምህርት ቤቶች ከውል ውጭ ኃላፊነት ሲሰጥ አብዛኛው የትምህርት ጊዜ የሚያልፈው በመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው። በችሎት ግን ነገሩ በአመዛኙ ተቃራኒ ነው። መኪናው ሰው መግጨቱ፣ የመኪናው ባለንብረት ማንነት፣ ሾፌሩ በሥራው ላይ መሆኑ ብዙ ጊዜ አያከራክርም። የሚያከራክረው ተጎጂው በወር ምን ያህል ያገኝ ነበር፣ ከጉዳቱ በኋላስ ምን ያህል ቀረበት የሚለው ነው። ተጎጂው የመንግሥት ወይም የባንክ ሠራተኛ ከሆነ የደመወዝ መክፈያ ሰነድ ቀርቦ ነገሩ ያበቃል። ተጎጂው ጫኝና አውራጅ፣ ጉልት ቸርቻሪ፣ የቤት እመቤት ወይም ተማሪ በሆነ ጊዜ ግን ሕጉ ራሱ የሚሰጠው መለኪያ ጥቂት ነው። ይህ ጽሑፍ ትኩረቱን ያደረገው በዚህ ሁለተኛ ዓይነት ተጎጂ ላይ ነው።

የኃላፊነቱ መሠረት

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2027 ሦስት የኃላፊነት ምንጮችን ያስቀምጣል፤ እነዚህም የራስ ጥፋት፣ ያለ ጥፋት የሚመጣ ኃላፊነት እና ለሌላ ሰው ሥራ የሚኖር ኃላፊነት ናቸው። በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው ሊክስ ይገባዋል የሚለው ጠቅላላ ደንብ በቁጥር 2028 ተደንግጓል። ለአካል ጉዳት የበለጠ ተፈላጊ የሆኑት ግን ያለ ጥፋት ኃላፊነትን የሚመለከቱት ድንጋጌዎች ናቸው። በቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ወይም የሞተር ተሽከርካሪ ባለንብረት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው፤ ያልተፈቀደለት ሰው ቢነዳው እንኳ ከኃላፊነት አይድንም። ነፃ የሚያወጣው ንብረቱ ጉዳቱ በደረሰበት ጊዜ ተሰርቆበት እንደነበረ ማስረዳቱ ነው። ጥፋት አልሠራሁም፣ የጉዳቱ ምክንያት አይታወቅም፣ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር አጋጠመኝ የሚሉ መከላከያዎች በቁጥር 2086 ተዘግተዋል። ክፍት የቀረው በር አንድ ነው፤ እሱም ጉዳቱ በሙሉ ወይም በከፊል በተጎጂው ጥፋት የደረሰ መሆኑን ማስረዳት ነው። ሾፌሩ ተቀጣሪ በሆነ ጊዜ ደግሞ አሠሪው በቁጥር 2130 መሠረት አብሮ ይጠየቃል።

ጥፋተኛ ሳይሆን ባለንብረቱን ኃላፊ ማድረጉ ለተጎጂ ትልቅ እፎይታ ነው። የትራፊክ ፖሊስ ፕላን እንዴት እንደተነሣ፣ ፍሬን ከስንት ሜትር ጀምሮ እንደተያዘ የመመርመሩ ሸክም ከትከሻው ይነሣለታል። የወንጀል ችሎቱ ሾፌሩን በነፃ ቢያሰናብተውም በቁጥር 2149 መሠረት የፍትሐ ብሔሩ ችሎት በዚያ ውሳኔ አይገደድም። ሕጉ በኃላፊነት በኩል ለተጎጂው ይህን ያህል እጁን ከዘረጋ በኋላ፣ ወደ ካሳው መጠን ሲደርስ እጁን የሚሰበስብ መምሰሉ ነው ጥናት የሚያሻው።

ገቢን ማስረዳት

የካሳ መሠረታዊ መርሕ በቁጥር 2091 የተገለጸው ነው። ኃላፊው የሚከፍለው ካሳ በተጎጂው ላይ ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል ሊሆን ይገባል፤ ሊያንስም ሊበልጥም አይገባም። ቁጥር 2092 በዚህ ላይ ወደፊት መድረሱ የማይቀር ጉዳት እስኪደርስ ሳይጠበቅ ካሳ እንዲከፈልበት ያዛል። የተቋረጠ የወደፊት ገቢ የሚጠየቀው በዚህ ድንጋጌ ነው። ቁጥር 2141 ግን የጉዳቱን መጠን የማስረዳት ሸክም በከሳሹ ላይ ይጥላል። እኩልነት ይገባሃል፣ ነገር ግን መጠኑን አንተ አስረዳ ማለት ነው።

ሰነድ የሌለው ሰው ይህን ሸክም የሚወጣው በሰው ምስክር፣ ከወረዳ በሚጻፍ የድጋፍ ደብዳቤ ወይም በማኅበር አባልነት መታወቂያ ነው። እያንዳንዱ የራሱ ድክመት አለው። የሥራ ባልደረባ የሆነ ምስክር አብዛኛውን ጊዜ የሚናገረው ጥሩ ገበያ ባለበት ቀን የሚገኘውን ሒሳብ ነው፤ ሥራ የሌለበትን የክረምት ሳምንት አይቆጥርም። የወረዳው ደብዳቤ ግለሰቡ በሥራው የሚታወቅ መሆኑን እንጂ የገቢውን ልክ የሚያውቅ አካል የጻፈው አይደለም። አነስተኛ ነጋዴ ሲሆን ሌላ ጣጣ ይመጣል። በቁርጥ ግብር ሲከፍል የኖረ ባለ ሱቅ ለግብር ሰብሳቢው ያስታወቀው ገቢ አነስተኛ ሆኖ፣ ለፍርድ ቤት ያቀረበው የዚያ ብዙ እጥፍ ይሆናል። ተከላካዩ ጠበቃ የግብር መረጃውን ከጽሕፈት ቤቱ እንዲቀርብ ያስደርግና ከሳሹን በገዛ ቃሉ ይይዘዋል። ይህ መከራከሪያ በሥነ ምግባር በኩል ያምር ይሆናል፤ በቁጥር 2091 መርሕ ሲታይ ግን አጥጋቢ አይደለም። ካሳ የሚለካው ተጎጂው ባጣው እንጂ ባስታወቀው አይደለም። ግብር መደበቁ የሚያስጠይቀው ከሆነ የሚጠይቀው ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ነው፤ ሰው የገጨ ባለ መኪና የዚያ ቅጣት ተጠቃሚ የሚሆንበት የሕግ ምክንያት አይታይም።

ለዚህ ሁሉ ሕጉ ያስቀመጠው መውጫ ቁጥር 2102 ነው። የጉዳቱን ልክ በትክክል ማወቅ በማይቻልበት ጊዜ ዳኛው የነገሮችን የተለመደ አካሄድና ተጎጂው የወሰዳቸውን እርምጃዎች ተመልክቶ በርትዕ ይወስናል። ርትዕ ግን ግምታዊ ድምር ማለት አይደለም። ድንጋጌው ራሱ ዳኛውን የነገሮችን የተለመደ አካሄድ እንዲመለከት ያዘዋል፤ የተለመደ አካሄድ ደግሞ ሊመረመር የሚችል ነገር ነው። በአንድ አካባቢ የቀን ሥራ ዋጋ ስንት ነው፣ በወር ስንት ቀን ሥራ ይገኛል፣ ሥራው እስከ ስንት ዓመት ዕድሜ ይሠራል የሚሉትን በባለሙያም ሆነ በምስክር ማጣራት ይቻላል። አንድ ፍርድ “በርትዕ ብር ይህን ያህል ይክፈል” ብሎ ሲያበቃ የበላይ ፍርድ ቤት የሚያርመው ሒሳብ አያገኝም። ዳኛው የቀኑን ገቢ፣ የሥራውን ቀን፣ የጉዳቱን መቶኛና የቀሪውን ዘመን ለየብቻ ቢጽፍ ይግባኝ የሚባለው በየትኛው ላይ እንደሆነ ይለያል። በኢትዮጵያ የካሳ ሕግ ላይ ሰፊ ሥራ የሠሩት ጆርጅ ክሸቹኖቪች ከውል ውጭ ኃላፊነትን በአንድ መጽሐፍ ካሳን ደግሞ በሌላ ለይተው ማተማቸው በአጋጣሚ አይመስልም። የካሳ ስሌት የኃላፊነት ቅጥያ ሳይሆን ራሱን የቻለ የሕግ ክፍል ነው።

የሐኪም መቶኛና የገቢ መቶኛ

በአካል ጉዳት መዝገብ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ የሚከበረው ወረቀት የሐኪሞች ቦርድ ማስረጃ ነው። ማስረጃው ተጎጂው ዘላቂ የአካል ጉዳት እንደደረሰበትና ጉዳቱ በመቶኛ ምን ያህል እንደሆነ ይገልጻል። ብዙውን ጊዜ ክርክሩ ይህን መቶኛ በዓመታዊ ገቢና በቀሪ የሥራ ዘመን ማባዛት ላይ ያርፋል። ስሌቱ ለዓይን ንጹሕ ነው። ነገር ግን ሐኪሙ የለካው የሰውነትን አቅም እንጂ የገበያን ዋጋ አይደለም። ወገቡ 40 በመቶ የተጎዳ የሒሳብ ሠራተኛ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ሥራውን ሊቀጥል፣ ገቢውም ምንም ላይጎድል ይችላል። ያው ጉዳት የደረሰበት ጫኝና አውራጅ ግን ኩንታል ማንሣት አይችልም፤ የገቢው ጉድለት 40 ሳይሆን 80 ወይም 100 በመቶ ሊሆን ይችላል። የቦርዱን ቁጥር እንዳለ የገቢ ጉድለት አድርጎ መውሰድ ለመጀመሪያው ያልጠፋበትን መስጠት፣ ለሁለተኛው የጠፋበትን መንሣት ነው፤ ሁለቱም ከቁጥር 2091 ጋር ይጣላሉ። በዚህ አሠራር ዘወትር ተጎጂ የሚሆነው ጉልበቱን ብቻ ይዞ ገበያ የሚወጣው ሰው መሆኑ ሊስተዋል ይገባል።

ተቃራኒው ክርክርም ክብደት አለው። ጫኝና አውራጁ ሌላ ቀላል ሥራ ቢያገኝስ? ቁጥር 2102 ተጎጂው የወሰዳቸውን እርምጃዎች መመልከት እንደሚገባ ሲናገር ይህንን ጥያቄ ይጋብዛል። መልሱ የሚወሰነው ግን በእውነተኛው ገበያ ነው። ከስምንተኛ ክፍል ያልዘለለ የ45 ዓመት ሰው በጥበቃ ሥራ ሊቀጠር ይችላል ሲባል፣ የዚያ ሥራ ደመወዝ ስንት እንደሆነ፣ አካል ጉዳተኛ በዚያ ሥራ በእርግጥ ይቀጠር እንደሆነ የሚያስረዳው ተከሳሹ ሊሆን ይገባል። ሊኖር ይችላል በሚባል ሥራ ብቻ ካሳ መቀነስ ማስረጃን በግምት መተካት ነው።

ለአንድ ወገብ አራት ዋጋ

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይጠቅማል። አንድ የ32 ዓመት ጫኝና አውራጅ በቀን 300 ብር ያገኛል፣ በወር 22 ቀን ይሠራል እንበል። የወር ገቢው 6,600፣ የዓመቱ 79,200 ብር ነው። የሐኪሞች ቦርድ የ40 በመቶ ዘላቂ ጉዳት መዝግቦለታል፤ የገቢ ጉድለቱም ለጊዜው ያው 40 በመቶ ይሁን። በዓመት የሚቀርበት 31,680 ብር ነው።

ይህ ሰው ጉዳቱ የደረሰበት መንገድ ሲሻገር በጭነት መኪና ተገጭቶ ከሆነና እስከ 60 ዓመቱ ሊሠራ ይችል ነበር ከተባለ፣ የ28 ዓመቱ ጉድለት 887,040 ብር ይሆናል። የገቢ ጉድለቱ በእርግጥ 80 በመቶ መሆኑ ከተረጋገጠ ይኸው መጠን ወደ 1,774,080 ብር ያድጋል። ያው ጉዳት በአሠሪው መጋዘን ውስጥ በሥራ ላይ ደርሶበት ካሳውን አሠሪው ራሱ የሚከፍል ከሆነ፣ የሚገዛው የአሠሪና ሠራተኛ ዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ዐዋጁ ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የአምስት ዓመት ደመወዝ፣ ለከፊል ጉዳት ደግሞ የዚሁን ተመጣጣኝ ስለሚሰጥ ድምሩ 158,400 ብር ላይ ይቆማል። በሦስተኛ ወገን የተሽከርካሪ መድን ዐዋጅ ቁጥር 799/2005 የሄደ እንደሆነ፣ ዐዋጁ በወጣበት ጊዜ ለአካል ጉዳት የተወሰነው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። ለሥቃዩና ለሐዘኑ የሚጠየቀው የኅሊና ካሳ ደግሞ፣ ከዚህ በታች እንደሚታየው፣ ከ1,000 ብር አያልፍም።

እነዚህ ቁጥሮች የተለያዩት በቸልተኝነት ብቻ አይደለም። የሥራ ላይ ጉዳት ሥርዓት ካሳውን በአምስት ዓመት የገደበው በምትኩ ሌላ ነገር ሰጥቶ ነው። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ይከፍላል፤ የሠራተኛው ተራ ቸልተኝነት ካሳውን አይቀንሰውም፤ ሕክምናና የጊዜያዊ አለመቻል ክፍያም አለ። መልክን ክፉኛ የሚያበላሽ ጉዳት የመሥራት ችሎታን ባይቀንስም እንኳ እንደ ዘላቂ ከፊል ጉዳት ይቆጠራል፤ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ግን ገቢ የማይነካ ጠባሳ የቁሳዊ ካሳ መሠረት ለማግኘት ይቸገራል። የመድኑ ጣሪያም ቢሆን መድን ሰጪው በዚህ ዐዋጅ የሚከፍለውን እንጂ ኃላፊው የሚጠየቀውን አይወስንም። ከጣሪያው በላይ ያለው ጉዳት በፍትሐ ብሔር ሕጉ ከባለንብረቱ ይጠየቃል። በተግባር ግን ብዙ ተጎጂ ከመድን ድርጅቱ የተሰጠውን ቼክ የመጨረሻው ካሳ አድርጎ ይቀበላል። ባለንብረቱን ለቀሪው መክሰስ እንደሚችል የሚነግረው ሰው አያገኝም።

ወደ 887,040 ብሩ ስንመለስ፣ የ28 ዓመት ገቢ ዛሬ በአንድ ጊዜ ሲከፈል መቀነስ የለበትም ወይ የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ገንዘቡን ባንክ አስቀምጦ ወለድ ሊበላበት ይችላልና። ከዋጋ ንረት በላይ 3 በመቶ ትርፍ ያስገኛል ብንል፣ የዛሬው ዋጋ ወደ 594,000 ብር ገደማ ዝቅ ይላል። በእንግሊዝ አገር ይህ የቅናሽ መጠን በመንግሥት የሚወሰን ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2001 2.5 በመቶ የነበረው በ2017 ከዜሮ በታች 0.75 በመቶ ተደርጓል። ከዜሮ በታች መሆኑ ለጆሮ ቢከብድም ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ተጎጂው ገንዘቡን በጥንቃቄ ቢያስቀምጥ ወለዱ የዋጋ ንረቱን ስለማይችል ካሳው መቀነስ ሳይሆን መጨመር ይገባዋል ማለት ነው። በኢትዮጵያ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ 7 በመቶ በነበረበት በ2014 ዓ.ም. ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ ደርሶ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለ አንድ ጊዜ ክፍያ ቅናሽ መከራከር ከሕጉ ሐሳብ ይልቅ ከውጭ መጻሕፍት የመጣ ልማድ ይሆናል። በሌላ በኩል የ60 ዓመቱ መነሻም መጠየቅ አለበት። 60 ዓመት የጡረታ ዕድሜ ነው፤ ኩንታል የሚሸከም ሰው ግን በ60 ዓመቱ ይሸከማል ማለት ይከብዳል። ስለዚህ ተከሳሹ የሥራ ዘመኑ አጭር ነው ቢል ክርክሩ ከንቱ አይደለም። ከሳሹም በበኩሉ የቀን ሥራ ዋጋ በ28 ዓመት ውስጥ 300 ብር ላይ ቆሞ እንደማይቀር ቢያመለክት እንዲሁ ትክክል ነው።

የኅሊና ጉዳት

የፍትሐ ብሔር ሕጉ ለኅሊና ጉዳት ያለው አመለካከት ቁጥብ ነው። በቁጥር 2105 መሠረት ሕግ በግልጽ ካልፈቀደ በቀር የኅሊና ጉዳት በገንዘብ አይካስም። የአካል ጉዳትና ሞት ከተፈቀዱት መካከል ናቸው፤ ቁጥር 2113 ለተጎጂው፣ የሞተም እንደሆነ ለቤተሰቡ፣ ፍርድ ቤቱ በርትዕ ካሳ ሊሰጥ እንደሚችል ይደነግጋል። ቀጥሎ የመጣው ቁጥር 2116 ግን ዳኛው የአካባቢውን ልማድ እንዲመለከት ካዘዘ በኋላ፣ ካሳው በምንም ምክንያት ከ1,000 ብር እንዳይበልጥ ይወስናል።

ሕጉ በወጣበት ዘመን አንድ የአሜሪካ ዶላር በሁለት ብር ተኩል ገደማ ይመነዘር ስለነበር 1,000 ብር ወደ 400 ዶላር ይጠጋ ነበር። ያን ጊዜም ቢሆን ምሳሌያዊ እንጂ ሙሉ ካሳ አልነበረም፤ ቢሆንም የሚታይ ገንዘብ ነበር። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ለውጥ በኋላ ያው 1,000 ብር ከ10 ዶላር በታች ወርዷል። ልጁን ያጣ አባት የኅሊና ካሳ ጠይቆ የሚያገኘው ገንዘብ ለችሎት ከተመላለሰበት የታክሲ ሒሳብ ያነሰ ነው። ነገሩን ይበልጥ የሚያስገርም የሚያደርገው በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 410 ነው። በዚህ ዐዋጅ የሥራ አመንጪው መብት ሲጣስ የሚከፈለው የሞራል ጉዳት ካሳ ከ100,000 ብር ሊያንስ አይችልም። አንዱ ሕግ ለዘፈን መቀዳት 100,000 ብርን ወለል አድርጎ፣ ሌላው ለእጅ መቆረጥ 1,000 ብርን ጣሪያ አድርጎ ጎን ለጎን ይሠራሉ። ሕግ አውጪው በ1996 ዓ.ም. የኅሊናን ጉዳት በገንዘብ መካስ እንደሚቻል ማመኑን ካሳየ በኋላ ቁጥር 2116 ሳይነካ መቆየቱን የሚደግፍ የሕግ ሐሳብ ማግኘት ያስቸግራል።

ጣሪያው በፍርድ ሊነሣ አይችልም፤ ቃሉ ግልጽ ነው። በዚህ ምክንያት አንዳንድ ተከራካሪዎች ሥቃይን በቁሳዊ ጉዳት ስም ለማስገባት ይሞክራሉ፤ የወደፊት ሕክምና፣ የአስታማሚ ወጪ፣ የሰው ሠራሽ እግር መቀያየሪያ እያሉ በሰፊው ይተምናሉ። ወጪዎቹ እውነተኛ በሆኑበት መጠን ይህ አግባብ ነው። እንዲያውም በቁጥር 2092 መሠረት ሊጠየቁ ሲገባቸው ሳይጠየቁ የሚቀሩ ወጪዎች ብዙ ናቸው። ዋነኛው ምሳሌ የአስታማሚ ድካም ነው፤ ሚስት ወይም እናት በነፃ የምታስታምመው ሰው ወጪ የለበትም ተብሎ ይታለፋል። ያ ድካም በገበያ ዋጋ ሲተመን ስንት እንደሚሆን መጠየቅ በቁጥር 2091 አይከለከልም።

ሞት፣ ቤተሰብና ሽማግሌ

ተጎጂው ሲሞት ቁጥር 2095 ለባል ወይም ለሚስት፣ ለወላጆችና ለተወላጆች በየራሳቸው ስም ቁሳዊ ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ወንድምና እህት በዝርዝሩ ውስጥ የሉም። ወላጆቻቸው የሞቱባቸውን ታናናሾች የምታሳድግ ታላቅ እህት በመኪና አደጋ ብትሞት፣ ታናናሾቹ እናት እንደሞተችባቸው ያህል ቢጎዱም በዚህ ድንጋጌ የሚጠይቁት የላቸውም። የኢትዮጵያ ቤተሰብ አኗኗር ከድንጋጌው ጠባብ ክበብ የሰፋ መሆኑ እዚህ ላይ በግልጽ ይታያል።

የቤት እመቤት ስትሞት ደግሞ ገቢ አልነበራትም የሚል መከላከያ ይቀርባል። ገቢ አልነበራት ይሆናል፤ ሥራ ግን ነበራት። ልጆች የማሳደግ፣ የማብሰል፣ ውኃ የመቅዳት ሥራዋን ባልየው በቤት ሠራተኛ ሊተካው ቢሞክር የሚከፍለው ደመወዝ ዝቅተኛው መነሻ ሊሆን ይችላል። የቁጥር 2102 የተለመደ አካሄድ ለዚህ ዓይነቱ ስሌት በቂ መሠረት ነው። የሕፃን ልጅ ሞት ከሁሉ የከበደ ነው። ወላጆች ከልጃቸው ወደፊት ያገኙት የነበረውን ጧሪነት በማስረጃ ማቅረብ አይችሉም፤ የኅሊና ካሳውም ከ1,000 ብር አያልፍም። በሕጉ ስሌት የትንሽ ልጅ ሞት ከአዋቂ እጅ ስብራት በታች የሚተመንበት ጊዜ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው።

ብዙው የሞት አደጋ ግን ወደ ችሎት ሳይደርስ በሽማግሌ ያልቃል። በዐማራው፣ በኦሮሞው፣ በሶማሌውና በሌሎችም ዘንድ የደም ካሳ የራሱ ሥርዓት አለው፤ ኦሮሞው ጉማ ይለዋል። የዚህ ሥርዓት ዓላማ የጠፋ ገቢን መተካት ሳይሆን ደምን ማድረቅ፣ ሁለት ወገኖችን አስታርቆ ማኖር ነው። ስለዚህ የገንዘቡ መጠን ከሟቹ ገቢ ጋር ግንኙነት ላይኖረው ይችላል፤ እርቅ በመሆኑ ደግሞ ነውር የለበትም። ችግሩ የሚመጣው እርቁ በጽሑፍ ሲሆንና “ከእንግዲህ ወዲህ በፍትሐ ብሔርም በወንጀልም የምንጠይቀው የለም” የሚል ቃል ሲገባበት ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ከቁጥር 3307 ጀምሮ ስለ ስምምነት ሲደነግግ፣ በቁጥር 3312 ስምምነቱ በተዋዋዮቹ መካከል ይግባኝ እንደሌለው የመጨረሻ ፍርድ እንዲቆጠር አድርጓል። ሬሳ በተቀበረ በአርባ ቀን ውስጥ በለቅሶ ድንኳን የተፈረመ ወረቀት የሕፃናቱን የአሥራ አምስት ዓመት ቀለብ ሊዘጋ ይችላል ማለት ነው። ሚስት ስትፈርም ለራሷ ብቻ ነው ወይስ ለአካለ መጠን ላልደረሱ ልጆቿም ጭምር የሚለው መለየት ያለበት ነጥብ ነው፤ በቁጥር 2095 የልጆቹ መብት ከእናታቸው መብት የተለየና በየራሳቸው ስም የተሰጠ ነውና።

ጊዜና የዳኝነት ክፍያ

በቁጥር 2143 መሠረት ተጎጂው ክሱን ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ ማቅረብ አለበት። ጉዳቱ የወንጀል ጥፋት ውጤት ከሆነና የወንጀሉ ይርጋ የረዘመ እንደሆነ ረጅሙ ይጸናል። ሁለት ዓመት ብዙ ይመስላል። ነገር ግን የተሰበረ እግር ብረት ገብቶለት፣ ብረቱ ወጥቶ፣ እንደገና ተቀዶ፣ በመጨረሻ የሐኪሞች ቦርድ ጉዳቱ ዘላቂ መሆኑን እስኪወስን ጊዜው ያልፋል። ብዙ ተጎጂ የቦርዱን ወረቀት ሳይዝ መክሰስ የሚችል አይመስለውም። ሕጉ ግን ይህን አይጠይቅም። ክሱ በተገመተ መጠን ቀርቦ፣ ማስረጃው ሲደርስ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 91 መሠረት እንዲሻሻል መጠየቅ ይቻላል።

መጠኑን ከፍ አድርጎ መክሰስም የራሱ ዋጋ አለው። የዳኝነት ክፍያ የሚሰላው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሆነ፣ የ887,040 ብር ክስ የሚያቀርብ ጫኝና አውራጅ ሥራ ባቆመበት ወቅት ለመዝገብ ቤቱ ብዙ ሺህ ብር ማቅረብ ይጠበቅበታል። ክፍያውን ለመቀነስ ክሱን ወደ 200,000 ብር ያወርዳል፤ ፍርድ ቤት ደግሞ ካልተጠየቀው በላይ አይፈርድም። ስለዚህ የካሳው መጠን ዳኛ ዘንድ ከመድረሱ በፊት በመዝገብ ቤቱ መስኮት ላይ ተቆርጦ ይቀራል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ከቁጥር 467 ጀምሮ በደሃ ደንብ መክሰስን ፈቅዷል፤ አመልካቹ ክፍያውን ለመፈጸም አቅም የሌለው መሆኑን ሲያስረዳ ሳይከፍል ክሱን ያቀርባል። ማስረጃው በአብዛኛው የሚመጣው ከዚያው ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። አንድ ጽሕፈት ቤት ለአንድ ሰው፣ በአንድ ወር ውስጥ፣ ድህነቱን የሚገልጽ ደብዳቤና ከጉዳቱ በፊት ጥሩ ገቢ እንደነበረው የሚገልጽ ደብዳቤ ሲጽፍ፣ የተከሳሹ ጠበቃ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ እርስ በርሳቸው ይጣላሉ ብሎ ይከራከራል። አይጣሉም፤ አንደኛው የሚናገረው ከጉዳቱ በፊት ስለነበረው ሰው ነው፣ ሌላው ከጉዳቱ በኋላ ስላለው።